እመ ክንፍ የያዘችው እጀታ

በጠራራ ፀሐይ የምትበር የሌሊት ወፍ ምን ፈልጋ ነው?

እመት ሰብለይ ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ከልለው፣ ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ራሳቸውን፣ ቀጥሎ ጎረቤታቸውን፣ በመጨረሻም ሰማዩን ጠየቁ። ራሳቸው አላወቁም። ጎረቤታቸው «እንጃ እመት፣ ጠምቷት ይሆናል» ብላ ወደ ቤቷ ገባች። ሰማዩም ዝም አለ። ወፎቹ ግን አንድና ሁለት አልነበሩም። በታላቁ ጎዳና ግራና ቀኝ በተሰለፉት ዋርካዎች ዙሪያ እንደ ተቀደደ ጥቁር ጨርቅ ይዞራሉ፤ ከግንዱ ጋር ይላተማሉ፤ ይወድቃሉ፤ ተነሥተው ደግሞ ይዞራሉ።

«ሟርት አይሁንብኝ እንጂ ይህ የደኅና አይደለም» አሉ እመት ሰብለይ። «የሆነ ሰው የሆነ ነገር ሠርቷል።»

እሳቸው ሁሌም ከሁሉ ቀድመው የሚጠረጥሩ ሴት ናቸው። ወተት ቢጎድል ድመቷን ትተው ጎረቤቷን፣ ዝናብ ቢዘገይ ደመናውን ትተው ዳኛውን ይጠረጥራሉ። አንድ ልጃቸውን ወንዝ ወስዶባቸው የልጅ ልጃቸውን ናርዳን ብቻ ይዘው ስለ ቀሩ፣ ዓለም ሁሉ እጁን ወደዚች ልጅ የዘረጋ ይመስላቸዋል።

ያ ጎዳና ተራ ጎዳና አልነበረም። ከጥንት ጀምሮ፣ የዘንባራ መንግሥት ገና ስም ሳይወጣለት፣ ከጭልሞ ረግረግ የሚነሣ አመዶ የተባለ ግራጫ የእሳት እራት መንጋ አገሩን ሲያጠፋ ኖሯል። አመዶ ያረፈበት እህል አመድ ይሆናል፤ አመዶ የተነፈሰበት ሕፃን ሳል ይዞት ይቀራል። ታዲያ የመጀመሪያው ንጉሥ ዋሻዋ ድረስ ሄዶ ከእመ ክንፍ፣ ከሌሊት ወፎች ሁሉ እናት ጋር ተማማለ። እሱ ለልጆቿ ማደሪያ የሚሆን ዋርካ በጎዳናው ዳር ሊተክል፣ እሷም ልጆቿን በአመዶ ላይ ልታዘምት። የቃል ኪዳኑ ማሰሪያ የመንግሥቱ ታላቅ ምሳር እጀታ ሆነ። እናት ወፎች በሚያጠቡበት ወራት እጀታው ለእመ ክንፍ ይሰጣል፤ እሷም ከዋሻዋ ጣራ ተንጠልጥላ በጥፍሯ ይዛው ትከርማለች። ግልገሎቹ ክንፍ አጠንክረው ሲበሩ ወደ መሬት ትጥለዋለች፤ የምሳረኞች ማኅበር መልእክተኛም መጥቶ ያነሣዋል። ከዚያ በፊት በጎዳናው ዳር ቅርንጫፍ የቆረጠ እጁ ይቆረጣል።

እጀታው ተመልሶም ቢሆን ምሳር እንዲሁ አይነሣም። መጀመሪያ ግንዱ ይንኳኳል። ከዚያ በየሽንቁሩ አፍ ላይ፣ ከላይ ተሰፍቶ ከታች የተለቀቀ መጋረጃ ይሰቀላል። ውስጥ ያለ ወፍ ገፍቶ ይወጣል፤ ወጥቶ ግን መመለስ አይችልም። ዛፉ ባዶ ሲሆን ብቻ ይቆረጣል።

ያን ዓመት ንጉሥ አምደ ጎራ ከባሕር ማዶ ሙሽራ ሊያመጡ ነበር። የሙሽራይቱን ሠረገላ የሚጎትተው ዝሆን ነውና ጎዳናው ይስፋ ተባለ። እጀታውም ከዋሻው ተመልሷል ተባለ። መጋረጃዎቹ ተሰቀሉ።

እመት ሰብለይ ገና ሰማይ ሰማዩን እያዩ ሳለ ናርዳ እየሮጠች መጣች። ናርዳ በማኅበሩ ውስጥ አንኳኳይ ናት፤ ሥራዋ ግንድ እየመታች፣ ጆሮዋን አስደግፋ፣ ውስጡ ነፍስ መኖር አለመኖሩን መስማት ነው።

«እምዬ፣ ዛፎቹ ባዶ አይደሉም!»

«ቀስ በይ፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ። ማነው የነካሽ?»

«ማንም አልነካኝም። ውስጡ ይንጫጫል፣ እምዬ። ግልገሎች ናቸው! እናቶቻቸው ሊያድኑ ወጡ፤ መጋረጃው እንዳይመለሱ ከለከላቸው። የሚዞሩት ለዚህ ነው። ለሊቀ ምሳር ብነግራቸው ‹እጀታው መጥቷል፤ የሰማሽው አይጥ ነው› ብለው ሳቁብኝ።»

«እጀታውን ማን አመጣው?»

«ተንሳይ።»

እመት ሰብለይ ዐይናቸውን አጠበቡ። ተንሳይ የማኅበሩ ዛፍ ወጪ ነው፤ እናትና አባት የሌለው፣ ምሳር በሚከማችበት አዳራሽ ጥግ የሚተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ተናገረ ቢባል መዳፍ የማይሞላ ቃል የሚወጣው ጎልማሳ።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አሉ። «ያ ልጅ ሰላም ሲል እንኳ መሬት እያየ ነው። ሰርቆታል!»

በማግስቱ ንጉሡ ከጎዳናው ራስ፣ ከመጀመሪያው ዋርካ ሥር ለችሎት ተቀመጡ። ሊቀ ምሳር ድንግዜ፣ የማኅበሩ አለቃ፣ ጢማቸውን እያሻሹ ቀረቡ። ድምፃቸው ማር ነው፤ እመት ሰብለይ ደግሞ ማር ባዩ ቁጥር ንቡ ወዴት አለ ብለው የሚፈልጉ ሰው ናቸው።

«ጃንሆይ» አሉ ድንግዜ፤ «አባቶቻችን ያቆሙልን ሕግ አንድ ነው። እጀታው በዋሻ ካለ ምሳር ይተኛል፤ እጀታው ከተመለሰ ምሳር ይነሣል። ይኸው እጀታው! አንኳኩተናል፣ መጋረጃ ሰቅለናል፣ ጠብቀናል። አንዲት ልጅ ጆሮዋ ጭው ባለ ቁጥር መንግሥት ሥራ ይፍታ?»

ሕዝቡ ሳቀ። ናርዳ ግን ወደ ፊት ወጥታ ተንበረከከች።

«ጃንሆይ፣ እጀታው ‹ግልገሎቹ አድገዋል› ይላል። ግንዱ ‹አላደግንም› ይላል። ከሁለት አንዱ ይዋሻል፤ እኔ ደግሞ ግንድ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ግንድ ውስጥ ጉጉት ታቅፋለች፤ በቅርንጫፉ ጉሬዛ ታጠባለች፤ ከሥሩ ንብ ይሠራል። ሁሉም የሚያድሩት በእመ ክንፍ ቃል ኪዳን ጥላ ሥር ነው። ዋሻዋ ድረስ ሄጄ ራሷን ልጠይቃት። እጀታውን ሰጥታ እንደ ሆነ እኔ ልቀጣ፤ ሳትሰጥ ተወስዶ እንደ ሆነ ግን በዚህ ጎዳና ላይ አመድ እንዘራለን።»

ንጉሡ ዛፉን ቀና ብለው አዩ። ጆሯቸውን ግን ወደ ግንዱ አላስጠጉም፤ ንጉሥ ከዛፍ ጋር ሲማከር ማን አይቷል?

«ሂጂ» አሉ። «እስክትመለሺ መጋረጃው ተጠቅልሎ ይታሰር፤ እናቶቹ ይግቡ። ነገር ግን የሙሽራይቱ ከበሮ ተሰምቶ አንቺ ካልደረስሽ መጋረጃው ይወርዳል፣ ምሳሩም ይነሣል። ሐሰት ይዘሽ ከመጣሽ ደግሞ ከአገሬ ትወጫለሽ። መንገዱን የሚያሳይሽ ማነው?»

ከሕዝቡ ኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ «እኔ» አለ። ተንሳይ ነበር፤ መሬት መሬት እያየ።

«ይኸውላችሁ!» ብለው ጮኹ እመት ሰብለይ። «ሌባ ዱካ ልምራ ሲል ሰማችሁ? እኔም እሄዳለሁ!»

«አንቺ ባልቴት፣ የዋሻውን ገደል ትችይዋለሽ?» አሉ ንጉሡ ፈገግ ብለው።

«ገደሉ ይገፋኝ አይገፋኝ አላውቅም፣ ጃንሆይ። የምሄደው ይህ ሰው ልጄን እንዳይገፋት ነው።»

ተነሥተው ሄዱ። ናርዳ ጦር ይዛ ከፊት፣ ተንሳይ የመውጫ ገመዱን በትከሻው አድርጎ ከጎን፣ እመት ሰብለይ በበቅሎ ከኋላ። ከኋላ የሆኑት በቅሎዋ ደካማ ስለ ሆነች አልነበረም፤ የተንሳይን ጀርባ ለማየት ነው።

ከታላቁ ጎዳና ወጥተው ጫካው ውስጥ ሲገቡ የዘንባራ ምድር መልኳን ለወጠች። ዛፎቹ ሲያልፉባቸው የሚተነፍሱ ይመስላሉ፤ ሰማያዊ ቀንድ ያላቸው ድኩላዎች ከሐረጉ መካከል ቆመው ያዩአቸዋል፤ ድንጋዩ ሲረገጥ እንደ ደወል ያቃጭላል። ናርዳ እየተገረመች ትሄዳለች። እመት ሰብለይ ይህ ሁሉ ግርማ አልገባቸውም። እሳቸው የሚያዩት አንድ ነገር ነበር። ተንሳይ በየማረፊያው ፊቱን አዙሮ፣ ከፍየል ወተት ቅሏ ጥቂት በጨርቅ እየነከረ፣ እጁን ወደ ብብቱ ይሰዳል።

«አንተ» አሉት አንድ ቀን። «ወተት በብብት የሚጠጣው በየትኛው አገር ነው?»

«ምንም አይደለም፣ እመት።»

«ምንም ለምን ወተት ይጠጣል?»

ተንሳይ ቀላ። ናርዳ ጣልቃ ገባች። «እምዬ፣ ተይው እንጂ። መንገዱን እያሳየን ነው።»

«ጅብም እኮ በግን መንገድ ያሳያል። አንቺ ልብሽ ሜዳ ነው፤ ለሁሉ ሰው ይበቃል። ይህ እንደ ሌሊት ወፍ ነው፤ ወፍ ሲሉት አይጥ፣ አይጥ ሲሉት ወፍ። ከማኅበሩ ነው ሲሉት ከኛ ጋር ይሄዳል፤ ከኛ ነው ሲሉት የማኅበሩን ዳቦ ይበላል። ማን እንደ ላከው ልወቅ ብል ኃጢአት ነው?»

ከዚያ ወዲያ ሲያርፉ፣ ይዞት እንዳይሰወር የገመዱን ጫፍ በገዛ እጃቸው አንጓ ላይ አሰሩት። ተንሳይ አየ። እንዲያውም ቋጠሮው የላላ መስሎት አጠበቀላቸው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አጠራጠራቸው።

ጭልሞ ረግረግ ሲደርሱ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነበር። ውኃው ዝፍት መስሏል። በድንገት ከቄጠማው መካከል አንድ ግራጫ ጭስ ተነሣ፤ ጭሱ ክንፍ ነበረው። አመዶ! በቅሎዋ አሽካካች። ናርዳ ጦሯን ብትወዘውዝ ጭስን በጦር ማን ይወጋል? የእሳት እራቶቹ በአፏ፣ በአፍንጫዋ፣ በዐይኗ ተለጠፉ፤ ልጅቷ ማሳል ጀመረች። እመት ሰብለይ ከበቅሎ ወድቀው ይሁን ወርደው ሳያውቁት ነጠላቸውን በፊቷ ላይ ጣሉ፤ በላይዋ ተደፉ።

«እኔን! እኔን ውሰዱ! እኔ አርጅቻለሁ! እሷ ምንም አላየችም ገና!»

ያን ጊዜ ተንሳይ እጁን ወደ ብብቱ ሰደደ። እመት ሰብለይ በነጠላው ቀዳዳ አዩት፤ ጩቤ መስሏቸው ጮኹ። ከብብቱ የወጣችው ግን ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ ጠጉሯ ገና ያልደረሰ የሌሊት ወፍ ግልገል ናት። በመዳፉ ከፍ አድርጎ ያዛት። አፏን ከፈተች። እነሱ አንዳች አልሰሙም፤ ሰማዩ ግን ሰማ። ከታላቁ ጎዳና ለአደን የወጡ እናት ወፎች እንደ ጥቁር ጎርፍ በረግረጉ ላይ ወረዱ። አመዶን እንደ ገብስ አጨዱት። ዐይን ተከፍቶ እስኪከደን ጭሱ ጠራ፤ ውኃው ላይ የቀረው ግራጫ የክንፍ ብናኝ ብቻ ነበር።

ናርዳ አስላ አስላ ቀና አለች። እመት ሰብለይ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ ተንሳይ ዞሩ።

«ከየት አመጣሃት?»

«እጀታውን ይዤ ስመለስ ከዋርካ ሥር ወድቃ አገኘኋት» አለ ተንሳይ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነበር። «ዐይኗ አልተከፈተም ነበር። ያን ጊዜ አንድ ነገር እንደ ተሳሳተ ገባኝ፣ እመት። ለሊቀ ምሳር ስነግራቸው ‹ዝም በል፤ አለዚያ ሰርቀኸው ነው እላለሁ› አሉኝ። እኔ አልሰረቅሁም። እጀታውን መሬት ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት። ግን ዘመድ የሌለውን ሰው ማን ያምነዋል? አፌን ዘጋሁ።»

«ዘጋህ!» አሉ እመት ሰብለይ። «በዘጋኸው አፍ እኛ ልንታፈን!» ካሉ በኋላ ግን ከስንቃቸው የፍየል ወተቱን አውጥተው ሰጡት። ገመዱን ከአንጓቸው አልፈቱም።

ከገደሉ ማዶ ያለው ዋሻ አፉን ከፍቶ ጠበቃቸው። ተንሳይ ገመዱን አስሮ መጀመሪያ ናርዳን፣ ቀጥሎ «ቀስ! ቀስ በል ብዬሃለሁ! ሆነ ብለህ ነው የምታወዛውዘኝ!» የሚሉትን አሮጊት አወረደ። ውስጡ ጨለማው እርጥብ ነው። ችቦው ሲበራ አዩአት። እመ ክንፍ ከጣራው ላይ አልነበረችም። ጥጃ የምታክል፣ ጠጉሯ እንደ በረዶ የነጣ፣ በድንጋዩ ወለል ላይ በአንድ ክንፏ ተሸፍና ወድቃለች። ደረቷ ይነሣል፤ ይወርዳል። አፏ ሲከፈት ድምፅ የለም።

«ድምፅዋ ለሰው ጆሮ ቀጥኗል» አለ ተንሳይ።

ናርዳ ችቦውን ሰጠችውና ተንበረከከች። ግንድ እንደምታዳምጠው ጆሮዋን በእመ ክንፍ ደረት ላይ አሳረፈች። ቆየች። ከዚያ የሰማችውን ቃል በቃል ትናገር ጀመር፤ ድምፅዋ የራሷ አይመስልም ነበር።

«‹አልሰጠሁም። የሰረቀኝም የለም። አርጅቻለሁ፤ ጥፍሬ አልቋል። በእንቅልፌ መካከል እጀታው አመለጠኝ። ሲወድቅ ሰማሁት፤ ልወርድ ብል ክንፌ አልታዘዘኝም። ይህ ልጅ ገባ፤ መሬት ላይ አየው፤ በአባቶቹ ሥርዓት እንደ ተሰጠ ቆጥሮ አነሣው። «እናታችን ሆይ፣ ክበሪ» ብሎ ሰግዶልኝ ወጣ። ጮኽሁ። አልሰማኝም። እሱን ተከትዬ ስወርድ ወደቅሁ።›»

ተንሳይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እመት ሰብለይ ይህን ሁሉ ቀን ሌባ ሲፈልጉ ሌባ አልነበረም። የወደቀን ነገር የተሰጠ መስሎት ያነሣ ሰው ብቻ ነበር።

ናርዳ ማዳመጧን አልተወችም። ፊቷ ግን ተለወጠ፤ መናገሯንም አቆመች።

«ምን አለችሽ?» አሉ እመት ሰብለይ።

«ምንም፣ እምዬ።»

«ምንም አትበይኝ! ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። ዐይንሽ እንዲህ ሲሆን የምትደብቂው ነገር አለ። ተናገሪ፤ በሞቴ!»

ናርዳ ጆሮዋን ከእመ ክንፍ ደረት አነሣች። «‹እኔ ዛሬ አልፋለሁ› ትላለች። ‹ጨረቃ ጠፍታ ሳትታደስ እጀታው ወደዚህ ይመለስ፤ የሰው እጅም ይያዘው። የሚይዝ ከጠፋ ልጆቼ ቃል ኪዳኑን ረስተው ይበተናሉ፤ አመዶም አገሩን ይወርሳል። የሚይዘው ሰው ግን ፀሐይን ዳግመኛ አያይም፤ ጨለማው ዐይኑ ውስጥ ይገባል፤ ከክንፋችን ወገን ይሆናል።›»

«እኔ ልያዘው!» አለ ተንሳይ። «ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

በዘንባራ ግን መሐላ በራስ አይማልም፤ በቤት ነው። ሰው ምሰሶውንና ጣራውን፣ ምድጃውንም ጠርቶ ይምላል፤ ከዚያ ጣራ ሥር ያደረ ማንም ዕዳውን መክፈል ይችላል፤ ካልተከፈለ ግን ጣራው በሁሉም ላይ ይናዳል። ተንሳይ የሚጠራው ምሰሶ አልነበረውም።

ናርዳ እጇን በእመ ክንፍ ግንባር ላይ አደረገች።

«በሰብለይ ቤት እምላለሁ!» አለች፤ ዋሻውም ቃሏን ተቀበላት። «በምሰሶው፣ በጣራው፣ በምድጃው! የአመዶ ጭስ በዘንባራ ሕፃን ላይ እንዳይነፍስ፣ በዋርካው ሆድ ያለ ግልገል እናቱን እንዳያጣ፣ የሰብለይ ቤት እጀታውን ይይዛል!»

«ምነው አፍሽን በቆረጠው!» ብለው እመት ሰብለይ ደረታቸውን መቱ። መሐላው ግን ወጥቷል። እመ ክንፍ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። የቀኝ እግሯ ጥፍር ተነቅሎ በናርዳ መዳፍ ላይ ወደቀ፤ እንደ ወንዝ ጠጠር ያለቀ፣ የደነዘ ጥፍር። ከዚያ ደረቷ አልተነሣም።

ሲመለሱ ናርዳ አታወራም፤ ተንሳይ አያወራም፤ እመት ሰብለይ ብቻ ያወራሉ። መሐላውን እንዴት እንደሚያፈርሱት፣ የትኛው ሽማግሌ እንደሚፈታው፣ እመ ክንፍ ራሷ በሞት ጣር ላይ ተንኮል አስባ ሊሆን እንደሚችል ያወራሉ። ወደ ጎዳናው ሲቃረቡ ወሬያቸው ተቋረጠ። ከወዲያ ከበሮ ይመታል።

ናርዳ ሮጠች። መጋረጃዎቹ ወርደዋል። ከመጀመሪያው ዋርካ ሥር ሊቀ ምሳር ድንግዜ እጀታው የገባበትን ታላቅ ምሳር በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አንሥተዋል። ከጎዳናው መጨረሻ የዝሆኑ ግንባር ጌጥ ያብረቀርቃል። ልጅቷ በግንዱና በምሳሩ መካከል ገባች፤ ጀርባዋን ለዛፉ፣ ደረቷን ለስለቱ ሰጠች።

«ልጄን! ልጄን እንዳትነካ!» የእመት ሰብለይ ጩኸት ከበሮውን አስቆመ።

ምሳሩ በናርዳ ትከሻ አጠገብ ቅርፊቱን ቦጭቆ ተሰካ።

«ጃንሆይ!» አለች ናርዳ፤ ጥፍሩን ከፍ አድርጋ። «እመ ክንፍ አልሰጠችም። ማንም አልሰረቀም። እጀታው ከደከመ ጥፍር አምልጦ ወደቀ፤ እኛ የተሰጠን መሰለን። ይኸው ጥፍሩ! ይህ ጥፍር ምንም ነገር መያዝ ይችላል?»

«የጥንብ አንሣ ጥፍር ነው!» አሉ ድንግዜ። ድምፃቸው ማርነቱ አልቆ ነበር። «ከገደል ሥር ለቅማ ነው!»

«ሊቀ ምሳር» አለ ተንሳይ። አሁን መሬት አላየም። «ግልገሏን አሳይቼዎት ነበር። ‹ዝም በል› አሉኝ።» ብብቱን ከፈተ። ግልገሏ ጠጉሯ ደርሷል፤ ክንፏ ግን ገና መብረር አይችልም።

ንጉሥ አምደ ጎራ በጎዳናው ዳር ከተተከለው ሰገነት ወረዱ። አክሊላቸውን አውልቀው ለአሽከር ሰጡ፤ አክሊል አድርጎ ጆሮን ግንድ ላይ ማስደገፍ አይቻልምና። ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ቀና ሲሉ ጉንጫቸው ላይ የቅርፊት ምልክት ታትሞ ነበር።

«ያለቅሳሉ» አሉ።

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «መጋረጃው ሁሉ ይቀደድ! የመጨረሻው ግልገል እስኪበር ምሳር ይተኛ። ከበረረም በኋላ የደረቀው ቅርንጫፍ ብቻ በገመድ እየተወጣ፣ እያንዳንዱ ሽንቁር እየታየ ይቆረጥ፤ ጉጉት የታቀፈችበት፣ ጉሬዛ ያጠባችበት አይነካ። ሙሽራዬ ከዝሆን ወርዳ በእግሯ ትመጣለች፤ እኔም በእግሬ እቀበላታለሁ። ድንግዜ፣ የሹመት ቀበቶህን ፍታ።»

ድንግዜ ቀበቷቸውን ፈቱ። በየዛፉ መጋረጃው ሲቀደድ እናት ወፎቹ ከሰማይ ተምዘግዝገው በየሽንቁሩ ገቡ። ተንሳይ ግልገሏን ይዞ ዋርካው ላይ ወጣ፤ ሲወርድ ብብቱ ባዶ ነበር። ሕዝቡ የናርዳን ስም እየጠራ ጨፈረ። ናርዳ መሐላዋን ስትነግራቸው ንጉሡ እጀታውን ከምሳሩ ነቅለው በነጭ ሐር ጠቅልለው ሰጧት። እልል ሲባል እመት ሰብለይ ብቻ እልል አላሉም። የሚቆጥሩት ጨረቃዋን ነበር፤ ቀጭን ማጭድ መስላለች።

ጉዞው ለማግስቱ ተቆረጠ፤ ናርዳ ፀሐይ ስትወጣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አይታት ልትሄድ። ያን ምሽት እመት ሰብለይ አንዴም አፋቸውን አልዘጉም። «ዋሻው ይበርዳል፤ ጋቢውን ያዢ። ገደሉ ላይ ያ ገመድ አርጅቷል፤ አይታመንም። ውኃ ከየት ትጠጫለሽ? ወፎቹስ ያውቁሻል? ባያውቁሽስ?»

«እምዬ» አለች ናርዳ፤ ራሷን በጭናቸው ላይ አስደግፋ። «እኔ አልፈራም።»

«ማን ስለ አንቺ ፍርሃት ጠየቀሽ? የኔን ነው የማወራው።»

ናርዳ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። እመት ሰብለይ ፀጉሯን እየደባበሱ ፊቷን አዩ፤ በዐይኗ ሽፋን ላይ የእሳቱ ብርሃን ይጫወታል። ዐይን ነው እንግዲህ፤ ገና ስንት ነገር የሚያይ። የእሳቸውማ ከካቻምና ጀምሮ መርፌ ቀዳዳ አይለይም።

ተንሳይን በደጃፉ ላይ አስተኝተውት ነበር። «ሌባ እንዳይገባ እዚህ ተኛ» ሲሉት ምን ያህል እንደ ተደሰተ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። ከማኅበሩ አዳራሽ ሌላ ጣራ ሥር ሲተኛ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

ጎህ ሊቀድ ሲል እመት ሰብለይ የናርዳን ራስ ቀስ አድርገው ከጭናቸው ወደ ትራሱ አዛወሩ። ጋቢውን አለበሷት። ሐሩን ፈቱና እጀታውን አወጡ፤ ሐሩን አጣጥፈው ከራስጌዋ አኖሩላት፤ ለልብስ ይሆናታል። እጀታው ከጠበቁት ቀለል አለ። የተንሳይን ገመድ ከግድግዳው አንሥተው በትከሻቸው ላይ አደረጉ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ተንሳይ ዐይኑን ገልጦ ነበር። መጀመሪያ ፊታቸውን አየ፤ ከዚያ በክንዳቸው ያቀፉትን እጀታ። ወደ ተኛችው ልጅ ዞር አለ፤ ተመልሶ እሳቸውን አየ።

እመት ሰብለይ ቆመው ጠበቁት። ይጮሃል? ልጅቱን ይቀሰቅሳል? በዕድሜ ዘመናቸው ሁሉ ሰውን ያዩበት ዐይን ፊቱን መረመረው፤ የሚጠረጠር ነገር ግን አላገኘም።

ተንሳይ እግሩን ሰበሰበላቸው።

ውጭ፣ ከረግረጉ የተመለሱ እናት ወፎች አንዳንድ እያሉ ወደ ዋርካዎቹ ይገቡ ነበር። እመት ሰብለይ ደፍ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አዩ፤ ነጠላቸውን አጠበቁ፤ አንዲት ቃል ሳይናገሩም ከቤታቸው ወጡ።